የወባ ኪኒን በዓሣ ገንዳ ውስጥ

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ኪኒን» የምንለው ቃል በመጀመሪያ የአንድ መድኃኒት ስም ነበር። ደቡብ አሜሪካ፣ አንዲስ ተራሮች ላይ ከሚበቅለው የሲንኮና ዛፍ ልጥ የሚገኘው፣ 1820 ላይ ፔልቲዬ እና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ለይተው ያወጡት መራራ የወባ መድኃኒት፤ ኩዊኒን። እኛ ዘንድ ሲደርስ ስሙ ሰፋና የሚዋጥ እንክብል ሁሉ ኪኒን ሆነ። የራስ ምታቱም ኪኒን፣ የጨጓራውም ኪኒን፣ የእንቅልፉም ኪኒን።

ይህን ያነሣሁት ስለ ቋንቋ ለማውራት አይደለም። የዛሬው ወሬዬ ስለ ዓሣ ነው፤ ሳሎን ጥግ፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ስለሚዋኙት ትንንሽ ዓሦች። «አገሩ በዚህ ሁሉ ጣጣ ተወጥሮ አንተ ስለ ዓሣ ጉንፋን ታስባለህ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ታገሡኝ፤ ታሪኩ ውስጥ የሰው ሞትም አለበት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ለልጄ አሥራ አንድ ዓሦች ገዛሁላት፤ ስድስት ጋፒና አምስት ጥቋቁር ሞሊ። ገንዳው ስልሳ ሊትር ይይዛል። አራት ወር ያህል ደኅና ቆዩ። አንድ ቀን ጠዋት ልጄ «አባዬ፣ ይቺ ጥጥ በልታለች» አለችኝ። እውነትም የአንዷ ሞሊ አፍ ዙሪያ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ተለጥፏል። በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ዓሦቹን ወደሸጠልኝ ሰው ሄድኩ። ፎቶውን ለሁለት ሰከንድ አይቶ «ሻጋታ ነው፤ ነጭ ነጠብጣብም ሊሆን ይችላል፤ ይሄ ለሁለቱም ይሆናል» አለና ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት ጠርሙስ ሰጠኝ። የገንዳውን ማሞቂያም ወደ 30 ዲግሪ ከፍ እንዳደርገው መከረኝ። ሰውዬውን አልወቅሰውም። የነገረኝ ዓሣ አርቢው ዓለም ለረጅም ጊዜ ሲቀባበለው የኖረውን ነው።

እንዳለኝ አደረግኩ። በማግስቱ የሌሎች ሁለት አፍ ነጣ። በሦስተኛው ቀን ዓሦቹ በሙሉ ከውሃው ወለል ላይ ተንጠልጥለው አየር ይምጉ ጀመር። መድኃኒቱ አንሷቸው ነው ብዬ ደገምኩት። በአራተኛው ቀን ሌላ ሱቅ ሄጄ ሌላ ጠርሙስ ገዛሁና እሱንም ጨመርኩበት። በስድስተኛው ቀን አራት ዓሣ ቀረኝ። ልጄ ማልቀሷን ትታ መቁጠር ጀምራ ነበር። ከልቅሶዋ ይልቅ ቆጠራዋ ነው የከበደኝ።

ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ያ ሰማያዊ ፈሳሽ ከየት መጣ? ማን ነው መጀመሪያ ዓሣ ላይ ያፈሰሰው?

1876 ላይ ሁለት የማይተዋወቁ ነገሮች ስም አገኙ። ፈረንሳዊው ፉኬ በዓሣ ቆዳ ላይ እንደ ጨው ፍሬ ነጫጭ ነጥብ የሚያወጣውን ጥገኛ ተሕዋስ ገልጾ ስም አወጣለት፤ የስሙ ፍቺ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ባለ ብዙ ልጁ የዓሣ ቅማል» እንደ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ኬሚስት ሃይንሪሽ ካሮ፣ በባስፍ ኩባንያ ውስጥ፣ ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ሰማያዊ ቀለም ሠራ። የተሠራው ለጨርቅ ማቅለሚያ ነው። ስለ ዓሣ ያሰበ ማንም አልነበረም።

ቀለሙን ከጨርቅ ወደ ሐኪም ቤት ያሻገረው ፖል ኤርሊሽ ነው። ኤርሊሽ ቀለም የሚወድ ሰው ነበር። በማይክሮስኮፕ ሲያይ አንዳንድ ቀለም አንዱን ሕዋስ ነክሮ ሌላውን ሳይነካ እንደሚያልፍ አስተዋለ። ሜቲሊን ብሉ ደግሞ የወባን ተሕዋስ ጥሩ አድርጎ ይነክራል። ታዲያ ቀለሙ ተሕዋሱን መርጦ የሚይዘው ከሆነ መርጦ ሊገድለውስ አይችልም? 1891 ላይ ከጓደኛው ከጉትማን ጋር ሆኖ ለሁለት የወባ ሕመምተኞች ሰጣቸው፤ ሁለቱም ተሻላቸው። በሰው እጅ የተሠራ ኬሚካል የሰውን ተላላፊ በሽታ ሲያክም ከታየባቸው የመጀመሪያ ጊዜያት አንዱ ይህ ነው። ጠላትን ብቻ ፈልጎ የሚመታ ጥይት የሚለው የኤርሊሽ ሕልም ሥሩ እዚህ አለ።

እንግዲህ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ዓሣ ቤት ማርባት ሲስፋፋ፣ ለዓሣ ተብሎ የተሠራ መድኃኒት አልነበረም። ስለዚህ ሰዎች ወደ ራሳቸው መድኃኒት መደርደሪያ ዞሩ። የነጭ ነጠብጣብ ተሕዋስ ባለ አንድ ሕዋስ ነው፤ የወባውም ባለ አንድ ሕዋስ ነው። ለወባ የሠራ ለዚህስ ለምን አይሠራም? እንዲህ ብለው ኩዊኒንን ገንዳ ውስጥ ጨመሩ። ሜቲሊን ብሉን ጨመሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፓስፊክ የዘመቱ ወታደሮችን ቆዳ ቢጫ ያደረገውን የወባ መድኃኒት፣ አቴብሪንን ሳይቀር ጨመሩ። የወባ መድኃኒት ታሪክ በሙሉ ተራ በተራ በዓሣ ገንዳ ውስጥ አልፏል ማለት ይቻላል።

ሐሳቡ የሞኝ አልነበረም። ኋላ ላይ ሳይንቲስቶች የተሕዋሳትን ዘር ሲቆጥሩ የወባውን፣ የነጭ ነጠብጣቡንና ዓሣን የወርቅ አቧራ ያለበሰ የሚያስመስለውን ሌላ በሽታ የሚያመጣውን ተሕዋስ በአንድ ሰፊ ወገን ውስጥ አስቀምጠዋቸዋል። ሩቅ ዘመዳሞች ናቸው።

(አረንጓዴው ማላካይት ግሪንም መንገዱ ያው ነው። 1877 ላይ ኦቶ ፊሸር የሠራው የጨርቅ ቀለም ነው፤ 1936 ላይ ፎስተርና ዉድበሪ ለዓሣ ሻጋታ እንደሚያገለግል ጻፉ፤ 1972 ላይ ለቴና ሜየር ከፎርማሊን ጋር ቀየጡት። ለምግብ በሚረቡ ዓሦች ላይ በብዙ አገር ተከልክሏል፤ ከሥጋው ቶሎ አይለቅም፣ በካንሰርም ይጠረጠራል። ለጌጥ ዓሣ ግን ዛሬም ይሸጣል።)

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የሚታየው ነጭ ነጥብ ተሕዋሱ ከዓሣው ቆዳ ሥር ገብቶ ሲበላ ነው፤ እዚያ እያለ ውሃ ውስጥ የተጨመረ መድኃኒት አይደርስበትም። ጠግቦ ሲወጣ ገንዳው ወለል ላይ ይለጠፍና ራሱን ሸፍኖ ይከፋፈላል፤ በመቶ የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም ከሺህ የሚያልፉ ልጆች ይፈለፍላል። እነዚያ ልጆች በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ። መድኃኒቱ የሚገድላቸው በዚያች መስኮት፣ ራቁታቸውን ሲዋኙ ብቻ ነው። ሙቀት ጨምር የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ሙቀት ዑደቱን ያፋጥነዋል፣ ከቆዳ ሥር ቶሎ ያስወጣቸዋል። ምክሩ ለነጭ ነጠብጣብ ትክክል ነው።

የኔ ሞሊ ግን ነጭ ነጠብጣብ አልነበረባትም። ሻጋታም አልነበረባትም።

1922 ላይ ሄርበርት ስፔንሰር ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ፣ አዮዋ ውስጥ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ከሚገኘው የፌርፖርት የዓሣ ምርምር ጣቢያ፣ አዲስ በሽታ መግለጫ አወጣ። በበጋው ሙቀት የሚነሣ፣ ዓሣን በቀናት ውስጥ የሚጨርስ በሽታ ነው። ከቁስሉ ጥቂት ወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲያየው ቀጫጭን ረዣዥም ባክቴሪያዎች እርስ በርስ ተደጋግፈው እንደ ዓምድ ይቆማሉ። ስሙም ከዚያ ወጣ፤ ኮለምናሪስ፣ ባለ ዓምዱ። ዴቪስ ባክቴሪያውን በቤተ ሙከራ ማሳደግ አልቻለም ነበር፤ ያ የተሳካው 1944 ላይ ለኦርዳልና ለረከር ነው።

አሁን ልብ በሉ። በዓይን ሲታይ ኮለምናሪስ ሻጋታ ይመስላል። አፍ ላይ ነጭ ጥጥ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ዓሣ አርቢዎች «የአፍ ሻጋታ» ብለው ጠሩት። ዴቪስ ባክቴሪያ መሆኑን ከጻፈ መቶ ዓመት አለፈው፤ ስሙ ግን ዛሬም «የአፍ ሻጋታ» ነው፤ ስሙ ስላልተለወጠ ሕክምናውም አልተለወጠም። ሰው በየቤቱ ባክቴሪያን በሻጋታ መድኃኒት ያክማል። በዚያ ላይ ለነጭ ነጠብጣብ የሚጠቅመው ሙቀት ለኮለምናሪስ ግብዣ ነው። ዴቪስ በበጋ ያየው በከንቱ አይደለም፤ ሲሞቅለት በፍጥነት ይራባል። እኔ ገንዳውን ወደ 30 ዲግሪ ሳደርስ የሚሲሲፒን ነሐሴ ሳሎኔ ውስጥ መፍጠሬ ነበር።

ይህ እንኳ ብቻውን አሥራ አንዱን በስድስት ቀን አይጨርስም ነበር ብዬ አምናለሁ። ሌላ የሞተ ነገር ነበር፤ የማይታይ።

1850 ላይ ለንደን ውስጥ ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ ኬሚስት ሁለት ጎልድ ፊሽ ከውሃ ተክል ጋር በአንድ ዕቃ አስቀመጠ። ተክሉ ሲበሰብስ ውሃው ይደፈርሳል። የሚበሰብሰውን እንዲበሉለት ቀንድ አውጣዎች ጨመረ፤ ውሃው ጠራ። ዓሣ፣ ተክልና ቀንድ አውጣ ተመጋግበው ይኖራሉ የሚለው «ሚዛን የጠበቀ ገንዳ» ሐሳብ ከዚህ ተነሣ። ጎስ የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ ዓሦችን አምጥቶለት 1853 ላይ የለንደን መካነ እንስሳት ለሕዝብ የከፈተው የዓሣ ቤትም የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ዋናው ሠራተኛ ግን አልታየም። ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያ ለራሱ ለዓሣው መርዝ ነው። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚለውጡትን ባክቴሪያዎች ሩሲያዊው ቪኖግራድስኪ ለይቶ ያሳየው በ1890 ገደማ ነው። እነዚህ በጠጠሩና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ይኖራሉ። ገንዳው የሚተነፍሰው በእነሱ ነው።

በ1970ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች የተለመዱትን የዓሣ መድኃኒቶች አንድ በአንድ በእነዚህ ባክቴሪያዎች ላይ ፈተኗቸው። ማጣሪያውን ከጎዱት ቀዳሚዎቹ ሜቲሊን ብሉ እና ኤሪትሮማይሲን ነበሩ። የመጀመሪያው ጠርሙሴ ሰማያዊ ነበር። የሁለተኛው መለያ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን በኋላ ሳነበው ኤሪትሮማይሲን ይላል። ማጣሪያዬን ሁለት ጊዜ ገድየዋለሁ። ዓሦቹ ወለሉ ላይ ተንጠልጥለው አየር ሲምጉ «መድኃኒት አንሷቸዋል» ያልኩት በራሳቸው ሽንት እየተመረዙ ሳለ ነው።

አንድ ግርምት ልጨምር። ይኸው ሜቲሊን ብሉ ናይትራይት ደሙን ያጠቆረበትን ዓሣ ያድናል፤ በሰውም ሐኪም ቤት ለተመሳሳይ የደም መመረዝ ይሰጣል። ማጣሪያውን ገድሎ ናይትራይት ያስነሣል፤ ደሞ ከናይትራይት ያድናል። አንድን ጠርሙስ ጥሩ ወይ መጥፎ ብሎ መጥራት ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ እዩ።

የባሕር ዓሣ የሚያረቡትም ከዚህ አላመለጡም። 1955 ላይ ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው ስታይንሃርት አኳሪየም ይሠራ የነበረው ዴምፕስተር የመዳብ ሰልፌት የባሕር ዓሦችን ጥገኛ እንደሚያጠፋ ጻፈ። እውነትም ያጠፋል። ቀንድ አውጣውንም፣ ሽሪምፑንም፣ ኮራሉንም ያጠፋል፤ ጠጠሩ ውስጥም ተቀብሮ ይቆያል። የኛው ዶክተር አክሊሉ ለማ 1964 ዓድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው የቢልሃርዚያ መከላከያ መንገድ ያገኙበት ታሪክ ከዚህ ጋር ሳነበው ሌላ መልክ ያዘብኝ። እንዶድም ቢሆን ቀንድ አውጣውን በሚገድልበት መጠን ለዓሣው አይራራም።

አሁን ወደ ሰው ሞት እንምጣ። 1934 ላይ የባየር ኩባንያው ሃንስ አንደርዛግ ክሎሮኪንን ሠራ። ክሎሮኪንን ለኛ ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ ቆላ የኖረ ሁሉ ምሬቱን ያውቃል። እዚህ አገር ለዋናው የወባ ዓይነት እየሰነፈ ስለመጣ 1998 ላይ በሌላ ተተካ። ዓሣ ገንዳ ውስጥ ግን ሥራ አላጣም፤ ኩዊኒን በሄደበት መንገድ ሄዶ የዓሣ ጥገኛ ማጥፊያ ዱቄት ሆኖ ይሸጥ ነበር።

በመጋቢት 2020 ኮቪድ ዓለምን ሲያስጨንቅ የክሎሮኪን ስም በየዜናው ተነሣ። አሪዞና ውስጥ በስልሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ባልና ሚስት ቤታቸው ለዓሦቻቸው የገዙት ዱቄት ነበር። መለያው ላይ የተጻፈው ስም በቴሌቪዥን የሚሰሙት ስም ነው። በሽታው እንዳይዛቸው ብለው ወሰዱት። ባል ሞተ፤ ሚስት ለጥቂት ተረፈች። ከቀናት በኋላ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለዓሣ የተዘጋጀ ክሎሮኪን ሰው እንዳይወስድ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ከሰው መደርደሪያ ወደ ዓሣ ገንዳ የሄደው መድኃኒት በዚያው መንገድ ተመልሶ መምጣቱ ነው። ስሙ አንድ ነበር፤ መጠኑንና የሚጠጣውን ማንነት ግን ስሙ አይናገርም።

እኔ ከመዳብም ከክሎሮኪንም ተርፌ አራት ዓሣ ይዤ ወደ አንድ የቆዩ የእንስሳት ሐኪም ደወልኩ። «ሦስተኛ ጠርሙስ ልትገዛ ነው?» አሉኝ። አዎ፣ ላስብበት ነበር። «ተው ልጄ። የታመመው ውሃው ነው፤ መጀመሪያ እሱን አክመው።»

ያዘዙኝን እንዳለ ልጻፈው፤ የሚጠቅመው ሰው ይኖራል። መድኃኒት ማቆም። ወዲያው ግማሹን ውሃ መቀየር፤ አዲሱ ውሃ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር እኩል ሆኖ፣ ክሎሪኑ የወጣለት ይሁን። (ለዚህ የሚሸጠው ጠብታ አብዛኛውን ጊዜ ታዮሰልፌት ነው፤ የድሮ ፎቶ አንሺዎች ፊልም የሚያጥቡበት ያው ኬሚካል።) ከዚያ በየቀኑ ሩብ ያህሉን መቀየር። ማጣሪያው ውስጥ አክቲቬትድ ካርቦን መክተት፤ ቀለሙንና ብዙውን መድኃኒት ይመጥጣል። ምግብ ለሁለት ቀን ማቆም፤ ያልበላ ዓሣ አሞኒያ ይቀንሳል። ከሚያውቁት ሰው ገንዳ የቆየ የማጣሪያ ስፖንጅ መለመን፤ ባክቴሪያው አብሮት ይመጣል፤ የዚያ ገንዳ ዓሦች ጤነኞች መሆናቸውን ጠይቆ ነው ታዲያ። ማሞቂያውን ቀስ አድርጎ ወደ 24 ማውረድ። ጋፒና ሞሊ ጨው ስለሚችሉ ለአንድ ሊትር ሁለት ግራም ያህል አዮዲን የሌለው ጨው፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ቀን ከፋፍሎ፤ ኮለምናሪስ ጨው አይወድም። ባክቴሪያ የሚገድል ትክክለኛው መድኃኒት የሚመጣው ውሃው ካገገመ በኋላ፣ ያውም በሌላ ዕቃ ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ የትኛውም ጠርሙስ ላይ አላነበብኩም፤ እሳቸው ነገሩኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለ ውሃ በሩብ ያህል ያንሳል። ውሃ ሲሞቅ ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል። ፎርማሊን ያለበት መድኃኒት ከሆነ እሱም የራሱን ኦክስጅን ይወስዳል። «ሙቀቱን 30 አድርስ» የሚለው ምክር ሐምቡርግ ወይ ፍሎሪዳ ላለ ሰው የተጻፈ ነው። እዚህ፣ በ30 ዲግሪ፣ የአየር ፓምፕ ሳይኖር፣ ጤነኛ ዓሣም ይጨነቃል። የአየር ፓምፑ ዋጋ ከሁለተኛው ጠርሙስ ያነሰ ነበር።

ከአራቱ አንዷ በዚያው ሌሊት ሞተች። ሦስቱ አሉ፤ ሁለት ጋፒና አንዲት ሞሊ። ሞሊዋ የላይኛው ከንፈሯ ላይ ጥቂት ጎድሎባታል፤ ስትበላ ትንሽ ታጋድላለች። ልጄ ከእንግዲህ አትቆጥርም። ውሃው ሙሉ በሙሉ ጠርቷል። የመስታወቱ መጋጠሚያ ላይ ያለው ሲሊኮን ግን ሰማያዊ እንደሆነ ቀርቷል፤ ሎሚም፣ በረኪናም ሞክሬለት አልለቀቀም።